በፌደርዜ ረግረግ ያለውን የጥንት መንደር አጎበኛኘት፦ ከባቡር ቲኬቱ እስከ መዥገሩ

ጀርመን ውስጥ እንደገና የታነጸ የድንጋይ ዘመን መንደር ለማየት የሚነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳተው ገና ከቤቱ ሳይወጣ፣ ቦታ ሲመርጥ ነው። ውኃ ላይ በረጃጅም ምሰሶ የቆሙ ቤቶች በፎቶ ያያል፣ የቅርብ የመሰለውን ቦታ ይይዛል፣ ሲደርስ ሌላ ነገር ይጠብቀዋል። ስለዚህ ከምርጫው እንጀምር።

በፎቶ ላይ የሚታየው በቦደንዜ ሐይቅ ዳር፣ ኡንተሩልዲንገን ያለው ነው። በ1922 በሁለት ቤቶች ተጀምሮ ዛሬ 23 ደርሷል። ቤቶቹ ሐይቁ ላይ ናቸው፤ ፎቶው ያማረ ነው፤ በበጋ ደግሞ ሰልፉ ረጅም ነው። ይህ መመሪያ የሚመለከተው ሌላኛውን፣ ወደ ሰሜን በኦበርሽቫበን ምድር ባድ ቡኻው በምትባል ትንሽ ከተማ ያለውን የፌደርዜ ሙዚየምና መንደሩን ነው። እዚህ 12 ቤቶች አሉ። ውኃ ላይ የተንሳፈፈ መንደር አትጠብቁ፤ ቤቶቹ እንደ ጥንቶቹ ረግረጉ መሬት ላይ ያረፉ ናቸው። በምትኩ መንደሩን፣ ሸምበቆውን፣ ወፎቹንና ከመሬቱ የወጣውን ዕቃ በአንድ ቀን በእግር ታዳርሳላችሁ። ምርጫው ለእኛ ቢሆን ፌደርዜን እንመርጣለን፤ ልጆች ይዞ ለሚሄድ ደግሞ ያለጥርጥር።

ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ነገር ይግባችሁ

ፌደርዜ ዛሬ 1.4 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ብቻ የሆነ፣ ጥልቀቱም ትንሽ የሆነ ሐይቅ ነው። ከበረዶው ዘመን በኋላ ግን ብዙ እጥፍ ይሰፋ ነበር። ሸምበቆውና ፊላው እየሞተ ታች ሲከማች ዳሩ ቀስ በቀስ ወደ ረግረግ ተለወጠ። የቀረውን ደግሞ ሰዎች የእርሻና የግጦሽ መሬት እናገኛለን ብለው በ1787 እና 1788፣ እንደገናም በ1808 እና 1809 ውኃውን አፍስሰው ዝቅ አደረጉት። በዚያ ያገኙት መሬት ያን ያህል አልጠቀማቸውም። የጥንቶቹ መንደሮች ዛሬ ሐይቁ ውስጥ ሳይሆን ሜዳ ሥር የተገኙት በዚህ ምክንያት ነው።

እንጨት፣ ገመድ፣ ጨርቅና የእህል ፍሬ ለ5,000 እና ለ6,000 ዓመት ሳይበሰብስ የቆየውም በዚሁ ረግረግ የተነሣ ነው። ውኃ የጠገበ መሬት አየር አያስገባም፤ አየር ከሌለ የሚያበሰብሱት ረቂቅ ተሕዋስያን አይሠሩም። መሬቱ ከደረቀ ግን ሺህ ዓመት የቆየው ምሰሶ በጥቂት ዓመት ውስጥ ዱቄት ይሆናል። ቦታው ከ1939 ጀምሮ የተፈጥሮ ጥብቅ ስፍራ ነው፤ ረግረጉን እርጥብ አድርጎ መጠበቅ ወፉንም ምሰሶውንም በአንድነት ማዳን ነው። ሜዳው ላይ «እዚህ መንደር ነበር» የሚል ሰሌዳ ብቻ ቆሞ ስታዩ አትከፉ፤ እውነተኛው ከሥራችሁ ነው ያለው፣ እንዲወጣም አይፈለግም። ቆሞ የምታዩት ሁሉ ቅጂ ነው።

ቀን መምረጥ

የመንደሩ ዋና ወቅት ከኤፕሪል እስከ ኦክቶበር ነው፤ በክረምት ሰዓቱ በጣም ይቀንሳል። የመክፈቻ ሰዓቱንና የቤተሰብ ቲኬቱን ዋጋ ከመሄዳችሁ ሁለት ቀን በፊት በሙዚየሙ ድረ ገጽ አረጋግጡ።

እሑድና የበዓል ቀን ሰው ይበዛል፤ ነገር ግን እሳት ማውጣት፣ ዳቦ መጋገርና የግንድ ጀልባ መቅዘፍ የመሳሰሉት ትርኢቶች በብዛት የሚኖሩት ያኔ ነው። በሥራ ቀን የሄደ ሰው ቤቶቹን በጸጥታ ያያል፣ ምድጃዎቹን ግን ቀዝቅዘው ያገኛቸዋል። ልጅ ካላችሁ እሑድን፣ ለወፍ ከሆነ ማክሰኞን ምረጡ። ለወፍ ሜይና ጁን ይሻላሉ፤ ጁላይና ኦገስት ትንኝ ነው።

ከአገር ቤት የመጣ እንግዳ ካላችሁ ደግሞ ሰዓቱን አስረዱት። «10 ሰዓት ላይ ይከፈታል» ማለት በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው። ቀላል ነገር ይመስላል፤ ቀን ያበላሻል።

መንገዱ

በባቡር የምትሄዱ ከሆነ መድረሻችሁ ባድ ሹሰንሪድ ጣቢያ ነው፤ በኡልምና በፍሪድሪሽስሃፈን መካከል ባለው መስመር ላይ ትገኛለች። ከኡልም አንድ ሰዓት አይሞላም። ጣቢያው ከከተማው ወጣ ያለ ነው፤ ከዚያ በአውቶቡስ ወደ ባድ ቡኻው ትሄዳላችሁ፣ ወደ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው፦ ባቡሩ ይመላለሳል፣ አውቶቡሱ ግን የገጠር አውቶቡስ ነው፣ በተለይ እሑድ። የመልሱን አውቶቡስ ሰዓት ጠዋት እንደወረዳችሁ ከማቆሚያው ሰሌዳ ላይ በስልክ ፎቶ አንሡት።

ዶይችላንድቲኬት የሚባለው የመላ አገሪቱ ወርኃዊ ቲኬት ያለው ሰው ምንም አይጨምርም። የሌለው ቡድን የባደን ቩርተምበርግ ቲኬት ይግዛ፤ በአንድ ቲኬት እስከ አምስት ሰው ይሄዳል፣ በሥራ ቀን ግን በጀርመን አቆጣጠር ከጠዋቱ 9 ሰዓት በፊት አይሠራም። ከሙኒክ የምትመጡ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ የባየርን ቲኬት እስከ ኡልም ድረስ ብቻ ነው የሚያገለግለው፤ ከኡልም በኋላ ሌላ ቲኬት ያስፈልጋል።

ምን ይያዝ

ጫማ ከሁሉ ይበልጣል። ነጭ ስኒከር አታድርጉ። የእንጨቱ መተላለፊያ ዝናብ ሲነካው ያንሸራትታል፣ መንደሩ ውስጥ ያለው መሬትም ጥቁርና ለስላሳ ነው፤ የሶሉ ጥርስ ያላለቀ ጫማ ይሁን። ለልጆች ቦት ጫማ፣ መለወጫ ሱሪና ካልሲ ያዙ፤ ውኃ ዳር ያለ ልጅ ሳይነከር አይመለስም። ጃንጥላ ለሜዳው ንፋስ አይሆንም፣ ኮፍያ ያለው የዝናብ ጃኬት ይሻላል። የትንኝ መከላከያ ቅባት፣ ረጅም ሱሪ፣ ባይኖኩላር ካላችሁ እሱን፣ ደግሞም ጥቂት ሳንቲም።

ምግብ ከቤት ብትይዙ ትገላገላላችሁ። ጾም ከሆነ ግዴታ ነው ማለት ይቻላል፤ የሽቫበን ምግብ በሥጋና በአይብ የተሞላ ነው፣ ሥጋ የሌለበት የሚመስለው ሽፔትስለ የሚባለው ፓስታ መሰል ምግብ እንኳ እንቁላል አለበት።

መጀመሪያ ወደ ረግረጉ፣ ከዚያ ወደ ሙዚየሙ

ብዙ ጎብኚ ከአውቶቡስ ወርዶ በቀጥታ ወደ ቤቶቹ ይሮጣል። ቅደም ተከተሉን ገልብጡት። ከሙዚየሙ አጠገብ የሚጀምረው የእንጨት መተላለፊያ በሸምበቆው መካከል 1.5 ኪሎ ሜትር ያህል ተዘርግቶ ሐይቁ ላይ ያበቃል። አነስተኛ ክፍያ አለው። ደርሶ መልሱን ቀስ ብላችሁ በአንድ ሰዓት ተኩል ትጨርሱታላችሁ። ጠዋት ንፋሱ ገና ነው፣ ወፉም ይናገራል።

በመንገዱ ላይ ሁለት ነገር አስተውሉ። አንደኛ፣ ስትጀምሩ ዛፍና ቁጥቋጦ ነበር፣ ቀጥሎ ሣር፣ ቀጥሎ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ሸምበቆ፣ መጨረሻ ላይ ክፍት ውኃ። ያ ቅደም ተከተል ሐይቁ እንዴት ወደ መሬት እንደተለወጠ በእግር የሚነበብ ታሪክ ነው። ሁለተኛ፣ ሸምበቆው ውስጥ ቁሙና ዝም በሉ። እንደ ሳንቲም የሚያቃጭል አጭር ድምፅ ከሰማችሁ ጺማሟ የሸምበቆ ወፍ ናት፤ ወንዱ ከዓይኑ ሥር ወደ ታች የወረደ ጥቁር ጺም አለው። ከላይ ክንፉን ወደ ላይ ቀሰር አድርጎ ዝቅ ብሎ የሚያንዣብበው የረግረግ ጭልፊት ነው።

ከመተላለፊያው አትውረዱ፣ ለፎቶም ቢሆን። ጎጆዎቹ ሸምበቆው ሥር ናቸው፣ መሬቱም ሣር የለበሰ ውኃ እንጂ መሬት አይደለም። ውሻ በገመድ ይያዝ። ብስክሌቱን መግቢያው ላይ ቆልፋችሁ ተዉት።

ከዚያ ወደ ሙዚየሙ ግቡ። ሕንፃውን በ1968 የሠራው አርክቴክት ማንፍሬድ ሌምብሩክ ነው፤ ራሱ ሕንፃው ውኃ ላይ በምሰሶ የቆመ ነው። ሁሉንም ሰሌዳ ለማንበብ አትሞክሩ፤ አርባ ደቂቃ ይበቃል። ሦስት ነገር ግን አትለፉ።

የግንድ ጀልባዎቹን እዩ። ከአንድ ግንድ ተቦርቡረው የተሠሩ ናቸው፤ በጣና ታንኳ ደንገል ታስሮ ይሠራል፣ እዚህ ግን ዛፍ ይቦረቦራል።

ጎማዎቹን ፈልጉ። በዚህ አካባቢ 5,000 ዓመት ገደማ የሆናቸው የእንጨት ጎማዎች ተገኝተዋል። መሐሉ ያለውን ቀዳዳ ልብ ብላችሁ እዩት፤ አራት ማዕዘን ነው። ክብ ቢሆን ጎማው ብቻ ይሽከረከር ነበር፤ አራት ማዕዘን ስለሆነ ጎማና አክስል ተቆላልፈው አብረው ይዞሩ ነበር ማለት ነው። ቀጥ ባለ መንገድ ጥሩ ነው፤ ኩርባ ላይ ግን አንዱ ጎማ መንሸራተቱ አይቀርም።

ሦስተኛው የዛፍ ቀለበት ቆጠራው ነው። ዛፍ በየዓመቱ አንድ ቀለበት ይጨምራል፤ የዝናብ ዓመት ሰፊ፣ የድርቅ ዓመት ጠባብ። ያንን የሰፊና የጠባብ ቅደም ተከተል ከሌሎች ግንዶች ጋር እያጋጠሙ ዛፉ የተቆረጠበትን ዓመት ያውቃሉ። ፎርሽነር በሚባለው የነሐስ ዘመን መንደር ግንባታ በ1767 ከክርስቶስ ልደት በፊት እንደተጀመረ የታወቀው በዚህ መንገድ ነው። «ወደ 1700 አካባቢ» አይደለም፤ 1767።

ስለ ሐይቅ መንደሮች የቆየው ክርክርም እዚሁ ይነሣል። በ1853 እና 1854 ክረምት የዙሪክ ሐይቅ ውኃ ሲጎድል ኦበርማይለን ላይ ምሰሶዎች ወጡ፤ የስዊስ ጥንታዊ ቅርስ ተመራማሪው ፈርዲናንድ ኬለር ያያቸውና መንደሮቹ ውኃ ላይ በሰፊ መድረክ የተሠሩ ነበሩ ብሎ ደመደመ። ሥዕሉ ለመቶ ዓመት የሰው አእምሮ ውስጥ ቀረ። በኋላ የመጡ ቁፋሮዎች እንዳሳዩት አንዳንዱ ውኃ ላይ፣ አንዳንዱ ዳር ላይ፣ እንደ ፌደርዜ ያለው ደግሞ ረግረግ መሬት ላይ ነው። በአልፕስ ዙሪያ ካሉት እንዲህ ያሉ መንደሮች 111 ቦታዎች በ2011 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብተዋል፤ በስድስት አገሮች የተበተኑ ናቸው፣ ጥቂቶቹ እዚሁ ፌደርዜ ዙሪያ ይገኛሉ።

መንደሩ ውስጥ

እዚህ ጊዜ ስጡ፣ ቢያንስ ሁለት ሰዓት። ቤት ገብቶ «ጭቃ ቤት ነው» ብሎ መውጣት ይቻላል፤ ለእኛ ሰው በተለይ አዲስ አይመስልም። ስለዚህ እያንዳንዱን ቤት ከታች ወደ ላይ እዩት።

ከወለሉ ጀምሩ። ግንዶች ጎን ለጎን ተደርድረዋል፣ በላያቸው የዛፍ ቅርፊት፣ በቅርፊቱ ላይ ጭቃ። በረግረግ ላይ ቤት ቀስ እያለ ይሰጥማል። ከሁሉ ቀድሞ የሚሰጥመው ደግሞ ምድጃው ነው፣ ጭቃና ድንጋይ ስለሆነ ከሁሉ ይከብዳል። ሲሰጥም በላዩ አዲስ ይደርባሉ፤ ቆፋሪዎች በአንድ ቦታ ላይ ብዙ የምድጃ ድርብ የሚያገኙት ለዚህ ነው።

ቀጥሎ ግድግዳው። አገር ቤት ማገሩን ከቋሚው ጋር በአግድም አስረን ወይም መትተን ጭቃ እንሞላለን። እዚህ ብዙ ቦታ የምታዩት ቀጫጭን ዘንግ እንደ ቅርጫት በቋሚዎቹ መካከል ተጠልፎ ነው፣ ከዚያ ይመረጋል። ምርጊቱ ውስጥ ገለባ አለ፤ ሥራው ያው ነው፣ ጭቃው ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ። ቅርብ ሄዳችሁ እዩት፣ በጥፍራችሁ ግን አትጫሩት። አንድ ጎብኚ የጀመረውን ቀዳዳ የሚቀጥለው ልጅ ያሰፋዋል፣ የኤፕሪል ዝናብ ደግሞ ይጨርሰዋል።

ክፍሎቹን ቁጠሩ። አይሽቡል በሚባለው ቦታ፣ በ4200 ገደማ ከክርስቶስ ልደት በፊት፣ የተገኙት ቤቶች ሁለት ክፍል ነበራቸው፤ ከፊት ባለው ክፍል እንደ ቆብ የተደፈነ የጭቃ መጋገሪያ፣ ከኋላ ባለው ክፍት ምድጃ። ከዚያ ሦስት ሺህ ዓመት አልፎ «የውኃ ምሽግ» በሚባለው የኋለኛው ነሐስ ዘመን መንደር ዙሪያውን የጥድ ግንድ አጥር ነበር፤ የአጥሩ ቋሚዎች ወደ 15,000 ይደርሳሉ። ያንን ያህል ዛፍ የቆረጠ ሰው የሚፈራው ነገር ነበረው።

እሳት የነደደበት ቤት ስትገቡ ከበሩ አጠገብ ጥቂት ቁሙ። ጭስ ማውጫ የለም፤ ጭሱ በጣሪያው ጫፍ ነው የሚወጣው። ጎንበስ ብላችሁ ወይም ተቀምጣችሁ ከሆነ ዓይናችሁን አያቃጥልም። አስም ያለበት ልጅ ካለ በር ላይ ሆኖ ይይ።

ጓሮው ላይ የተዘራ ነገር ካለ ሰማያዊ አበባውን ፈልጉ፦ ተልባ ነው። በ3000 ገደማ ከክርስቶስ ልደት በፊት በፌደርዜ ዙሪያ ተልባ በብዛት የሚያመርቱ መንደሮች ነበሩ፤ የሚፈልጉት ግን ከፍሬው ይልቅ የግንዱን ቃጫ ነው፣ ለጨርቅ። እንዝርቱን ስታዩት ማንም ሳያስረዳችሁ ታውቁታላችሁ። ከእህሉ ደግሞ ኤመር የሚሉት በአገራችን አጃ የምንለው ጥንታዊ ስንዴ ነው፤ ሱቅ ውስጥ በዚያው ስም ለገንፎ ከሚሸጠው ሌላ ነው።

በእጅ የሚሞከሩት

*ወፍጮው።* ልክ የእኛ ነው፤ ከታች ወፍጮው፣ ከላይ መጁ። ልጆች የሚሳሳቱት አንድ ጊዜ ብዙ እህል በመጨመር ነው። አንድ እፍኝ እንኳ ይበዛል፤ ግማሽ እፍኝ ጨምሩ። ተንበርከኩ፣ በክንዳችሁ ሳይሆን በትከሻችሁ ክብደት ወደፊት ግፉ፣ ስትመልሱት አቅልሉት። መጀመሪያ መሰባበር፣ ቀጥሎ ማላም። እናቱ ወይም አያቱ ስትፈጭ ያየ አዋቂ ካለ ያሳያቸው፤ ሙዚየሙ ካዘጋጀው ማብራሪያ ይልቃል።

*እሳቱ።* ባልጩት ከባልጩት ጋር ማጋጨት አይሠራም፤ ብልጭታው ቀዝቃዛ ነው፣ ወዲያው ይጠፋል። የሚያስፈልገው ባልጩትና ፓይራይት የሚባለው ብረት ያለበት ወርቃማ ድንጋይ ነው። ፓይራይቱን በአንድ እጅ ያዙት፣ በባልጩቱ ስለታም ጠርዝ ወደ ታች እየፋቃችሁ ምቱት። የሚወጣው ብልጭታ ደብዛዛ ቀይ ነው፣ በፀሐይ ላይ አይታይም፤ ጥላ ውስጥ ሞክሩ። ከሥር ዛፍ ላይ ከሚበቅል ጠንካራ እንጉዳይ የተፋቀ ጥጥ መሰል ነገር አለ፤ ብልጭታው እዚያ ላይ ወድቆ ጭስ ሲጀምር በደረቅ ሣር ጎጆ ውስጥ አድርጋችሁ ከሥር ቀስ ብላችሁ እፍ በሉት። በኃይል ከነፋችሁት ፍሙ ይበተናል። ማታ ዘንቦ ከነበረ ጠዋት አይያዝም፤ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም፣ ጥጡ እርጥበት ስቦ ነው።

*የግንድ ጀልባው።* ሆዱ ክብ ስለሆነ ለመገልበጥ ዝግጁ ነው። አንድ በአንድ ግቡ፣ ዳሩን ሳይሆን መሐሉን ርገጡ፣ ወዲያው ተቀመጡ ወይም ተንበርከኩ። ልጆች ተንሳፋፊ ጃኬት ይልበሱ። የሚገለብጠው ማዕበል አይደለም፣ ለፎቶ ቀና ብሎ የሚቆም ሰው ነው። ስልኩን ዳር ላለ ሰው ስጡ።

ጊዜ ከተረፈ

በዚያው ከተማ ውስጥ «ቫከልቫልድ» የሚባል ጫካ አለ፤ ስሙ የሚወዛወዝ ጫካ ማለት ነው። መሬቱ ላይ አንድ ሰው ሲዘልል አጠገቡ ያለው ዛፍ ይንቀጠቀጣል፣ ከሥሩ ውኃ የጠገበ ለስላሳ ንብርብር ስላለ። ከሙዚየም የሰለቹ ልጆችን ያድናል። እዚህም ከመንገዱ አትውጡ።

ማታ ቤት ስትገቡ

ባደን ቩርተምበርግ ከሞላ ጎደል በሙሉ መዥገር የአንጎል ብግነት ቫይረስ የምታስተላልፍበት አካባቢ ነው። ክትባት አለው፤ እዚያ ለሚኖር ሰው የጤና መድኅን ይከፍላል፣ ነገር ግን ከአንድ በላይ መርፌ ስለሆነ ከጉዞው አስቀድሞ መጀመር አለበት። መዥገር ለምታስተላልፈው ሌላ በሽታ፣ ለቦረልያ፣ ግን ክትባት የለም።

ስለዚህ የዚያኑ ማታ የልጆቹን ልብስ አውልቃችሁ ፈትሹ፦ ከጉልበት ኋላ፣ ብሽሽት፣ ብብት፣ እምብርት ዙሪያ፣ ከጆሮ ኋላና የጸጉር ሥር። መዥገር ካገኛችሁ ዘይት፣ አልኮል ወይም ክብሪት አትጠቀሙ፤ ሲጨነቅ ያለውን ወደ ደሙ ይተፋል። በቀጭን ወረንጦ ቆዳው አጠገብ ያዙት፣ ሆዱን ሳትጨምቁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት፣ ቦታውን በፀረ ተሕዋስያን አጽዱ። የነከሰበትን ቀን ጽፋችሁ ያዙ፣ ቦታውንም ፎቶ አንሡት። በሚቀጥሉት ሳምንታት ቀይ ቀለበት ሆኖ ከሰፋ ወይም ትኩሳት ከመጣ ፎቶውንና ቀኑን ይዛችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።